የኮሮላ የአየር ፊልትሮ ቤት፦ አዲሱ ፕላስቲክ አልገጥም አለኝ፣ የቱን ልሞርድ የቱን ልተው?

የማራኪው

ሰላም ለሁላችሁ።

ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት። ባለ 1.5 ሞተር፣ 1ኤንዜድ የሚሉት። የአየር ፊልትሮው ቤት ከሥሩ ተሰነጠቀና አዲስ መፈለግ ጀመርኩ። ኦሪጅናሉ እዚህ ከተማ አልተገኘም። አሮጌ እንዳልገዛ ያየኋቸው ሁሉ መንጠቋቸው የተሰበረ ነው። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ኮፒውን አስላክሁ። ሙሉ ዕቃ ነው፤ የታችኛው ሳጥን፣ ክዳኑ፣ እና ከክዳኑ ወደ ትሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው በር) የሚሄደው ቱቦ።

ሲያዩት ያምራል። ሲገጥሙት ግን ሌላ ነው።

ሳጥኑ የሚታሰርባቸው ሦስት ጆሮዎች አሉት። ሁለቱ ልክ ናቸው። ሦስተኛው ከብሎኑ ቀዳዳ ወደ 5 ሚሊ ይርቃል። ክዳኑ በአንድ በኩል ጠቅ ብሎ ይዘጋል። በሌላው በኩል በጉልበት ካልተጫኑት መንጠቆው አይደርስም። ተጭኜ ብዘጋውም ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይታየኛል። ቱቦውም አጠረ። ትሮትሉን የሚይዘው በጫፉ ብቻ ስለሆነ ሞተሩ ሲነሳ በተወዛወዘ ቁጥር ይንሸራተታል።

እንደዚሁ አስሬ አዘዞ ደርሼ ስመለስ የሞተር መብራት በራ። በስካነር ሳየው ፒ0171 ይላል። ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል።

አንድ መካኒክ «ዙሪያውን በሲሊኮን ለጥፈው፣ አለቀ» አለኝ። ልቤ አልተቀበለውም። ነገ ፊልትሮ ስቀይር ምን ልሆን ነው? ሰጌቶ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ትራፓኖ ቤት አለኝ። ጊዜም አለኝ። የቱን ብነካ ችግር የለውም? የቱንስ እንዳልነካ?

የአራዳ ልጅ

ወንድሜ፣ ክዳኑ አልዘጋ ያለህ ውስጡ አዲስ ፊልትሮ አድርገህ ነው ወይስ የድሮውን? እሱን ሳናውቅ ሞረድ አታንሳ።

የማራኪው

ፊልትሮውም አዲስ ነው። ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣ።

ጋሼ መፍቻ

የማራኪው፣ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። ብዙ ሰው ዕቃ አልገጥም ሲለው መጀመሪያ የሚያነሳው ሰጌቶ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

አየር ወደ ሞተር የሚሄድበትን መንገድ ሦስት ቦታ ክፈለው።

የመጀመሪያው ከፊልትሮው በፊት ያለው ነው። አየር የሚስበው አፍና የሳጥኑ የታችኛው ክፍል። እዚህ ትንሽ ቢያፈስ ብዙም አይጎዳህም፤ አየሩ ገና ሊጣራ ነውና። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቅ። የሞተሩን ሙቅ አየር እንዳይስብ፣ የክረምት ጎርፍም እንዳይደርስበት። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢዬላ፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ፣ ያጣምማል።

ሁለተኛው ከፊልትሮው በኋላ እስከ አየር መለኪያው ሴንሰር ድረስ ነው። ማፍ ይሉታል። በአንተ መኪና ክዳኑ ላይ ነው የተተከለው። እዚህ ቢያፈስ ሴንሰሩ የገባውን አየር ይቆጥረዋል። ኮምፒውተሩ በዚያው ልክ ነዳጅ ይሰጣል። መኪናዋ ደህና ትሄዳለች፣ መብራትም አይበራም። ግን ያልተጣራ አፈር እየገባ ነው።

ሦስተኛው ከሴንሰሩ በኋላ እስከ ትሮትሉ ያለው ነው። እዚህ ሾልኮ የሚገባውን አየር የቆጠረው የለም። ኮምፒውተሩ ለቆጠረው አየር ብቻ ነዳጅ ይመድባል። ስለዚህ ነዳጁ ያንሳል። ያየኸው ፒ0171 ይህንኑ ነው የሚናገረው፤ አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል።

አሁን ወደ ዕቃህ እንምጣ። መብራቱን ያበራው ቱቦው ነው። ክዳኑ አይደለም። ቱቦውን ብቻ ብታስተካክል መብራቱ ይጠፋል፣ አንተም ተረጋግተህ ትነዳለህ። ክዳኑ ግን በዝምታ አፈር ማስገባቱን ይቀጥላል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የበጋ አቧራ ፒስተን ጋ ሲደርስ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። የምታውቀው መኪናዋ ዘይት መብላት ስትጀምር ነው። ያኔ የፊልትሮ ቤት ዋጋ አይደለም የምትከፍለው።

ስለዚህ ከፊልትሮ በፊት ያለውን ቁረጥ፣ ሞርድ፣ እንደፈለግህ አድርገው። ከፊልትሮ በኋላ ያለው ግን ምንም አየር እንዳያሳልፍ ሆኖ መግጠም አለበት። የሚቀነስ ነገር ካለ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ክፍል ቀንስ።

ሌላው፣ ጆሮውን አሁን እንዳትሞርድ። ሁለቱ ልክ ናቸው ያልከው መጀመሪያ ስላሰርካቸው ሊሆን ይችላል። እነሱ ሳጥኑን ወደ ራሳቸው ጎትተውት ቱቦው ያጠረ መስሎህም ይሆናል። ሁሉንም ፍታው። መጀመሪያ ቱቦውን ትሮትሉ ላይ እስከ ጥጉ ክተትና ፋሼታውን (ቱቦውን የሚያስረውን ቀለበት) አጥብቅ። ቀጥለህ ክዳኑን ከቱቦው፣ ሳጥኑን ከክዳኑ ጋር አያይዝ። ሳጥኑ የት መቀመጥ እንደሚፈልግ ራሱ ያሳይሃል። የቀዳዳዎቹን ቦታ ያኔ ምልክት አድርግ።

ቀዳዳ ስታሰፋ በትራፓኖ አትብሳው። ትራፓኖ ስስ ፕላስቲክ ይነክስና ጆሮውን ይቦጭቀዋል። ክብ ሞረድ ይዘህ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ብቻ አርዝመው። ከላይ ሰፊ ሮንዴላ፣ ከሥር ጎሚኒ (የጎማ ማረፊያ) አድርግ። ብሎን በማጥበቅ ፕላስቲኩን ጎትቼ አመጣዋለሁ አትበል። ዛሬ ይመጣልሃል፣ ሞተሩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ግን ጆሮው ይሰነጠቃል።

ሊማሊሞ

ለምን ይህን ሁሉ ትለፋለህ? ሳጥኑን አውልቀህ ሾጣጣውን ክፍት ፊልትሮ ግጠም። ጎንደር ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ በደንብ እንዲተነፍስ ያግዘዋል። ጓደኛዬ አድርጎት ድምፁ ራሱ ተቀይሯል።

ጋሼ መፍቻ

ሊማሊሞ፣ ድምፁ መቀየሩ እውነት ነው። ጉልበቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ፊልትሮ ቀይሮ የሚመልሰው የለም። ክፍት ፊልትሮ ደግሞ የሚስበው ከኮፈኑ ሥር ያለውን ሙቅ አየር ነው። ሙቅ አየር ይበልጥ ስስ ነው። ዘይት የሚቀባ ዓይነት ከሆነ ዘይቱ ከአየሩ ጋር ሄዶ የማፉን ሽቦ ሊሸፍነው ይችላል። ከሁሉም በላይ በዚህች መኪና ማፉ የተተከለው ክዳኑ ላይ ነው። ሳጥኑን ካወለቅህ ማፉን የት ልትተክለው ነው?

ሊማሊሞ

እሺ ጋሼ፣ ለዚህች መኪና አይሆንም ማለት ነው።

እንግዲያው ስለ አቧራ አንድ ልጨምር። እኔ ደባርቅ እየተመላለስኩ ነው የምነዳው። ከመንገድ ወጣ ካሉ አቧራው አይጣል ነው። ፊልትሮ ቤት በነካሁ ቁጥር ከፊልትሮው በኋላ ያለውን የቱቦውን ውስጥ በነጭ ጨርቅ አጸዳዋለሁ። ጥቂት ከነዳሁ በኋላ ቱቦውን አውልቄ እንደገና በንጹሕ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ጨርቁ ቡኒ ከሆነ እያሾለከ ነው። በየት በኩል እንደሆነም ይታወቃል፤ ክዳኑ ውስጥ ከሾለከበት ቦታ ተነስቶ የሚሄድ የአፈር መስመር ታያለህ። ማሽን አይጠይቅም።

ሌላው ማታ የሚሠራ ነው። የስልክህን መብራት አብርተህ ሳጥኑ ውስጥ ክተትና ክዳኑን ዝጋ። ጨለማ ውስጥ ዙሪያውን እየው። መብራት ካሾለከ አየርም ያሾልካል።

ቧንቧ ሠሪው

እኔ መካኒክ አይደለሁም። የውሃ መስመር ነው የምሠራው። ፕላስቲክ ግን ዕለት በዕለት እጄ ላይ ነውና ስለ ዕቃው ልናገር።

የማራኪው፣ ሳጥኑን ገልብጥና ከሥሩ በሁለት የቀስት ጫፎች መካከል የተጻፈ ነገር ፈልግ። ፒፒ፣ ኤቢኤስ፣ ወይም ፒኤ66 ሊል ይችላል። የፕላስቲኩ ዘር ነው። እሱን ሳታውቅ ማጣበቂያ አትግዛ፣ እሳትም አታስጠጋ።

ፒፒ ከሆነ ሱፐር ግሉም ኢፖክሲም በወጉ አይዘውም። ሲደርቅ የያዘ ይመስልሃል። ሞተሩ ሲሞቅ እንዳለ ተላጦ ይወጣል። ሲሊኮኑም እንደዚሁ ነው። ፒፒን የሚይዘው ራሱ ፒፒ ነው፤ ማቅለጥና ማዋሃድ።

ጥሩ ዜናው ይኸውና። የቤት ውሃ የምንዘረጋበት ፒፒአር ቧንቧ የፒፒ ዘር ነው። ቁርጥራጩን በቀጭኑ ሰንጥቀህ እንደ ብየዳ ዘንግ ልትጠቀምበት ትችላለህ። የተሰበረ የመኪና ባምፐር ላይ ፒፒ የሚል ካገኘህም ይሆናል። ከሁሉም የሚሻልህ ግን ያ የተሰነጠቀው የድሮ ሳጥንህ ነው። ምልክቱ አንድ ከሆነ ከእሱ የተሻለ አታገኝም። እንዳትጥለው።

የጀሪካን ፕላስቲክ ግን አትሞክር። ገበያ ላይ ጀሪካን በጋለ ብረት ሲጠግኑ አይተህ ይሆናል፤ እዚያ ጀሪካንን በጀሪካን ነው። ጀሪካን ፖሊኢትሊን ነው። ፒፒ ላይ ብታቀልጠው ተደራርቦ ይቀመጣል እንጂ አይዋሃድም።

ፒፒ የሚቀልጠው ወደ 160 ዲግሪ ላይ ነው። የእኛ የቧንቧ ማሽን 260 ላይ ነው የሚሠራው፣ ቧንቧው ወፍራም ስለሆነ። የአንተ ሳጥን ግድግዳ ስስ ነው፣ በዚያ ሙቀት ብትቆይበት ይበሳል። ነካ አድርጎ መነሳት ነው። መጀመሪያ ስንጥቁን በምላጭ ጎድጎድ አድርገው፣ ከዚያ ጎድጓዳውን ሙላው። በድሮው ሳጥን ላይ ሳትለማመድ አዲሱን አትንካ።

ሰላም ከፒያሳ

እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ የአየር ቱቦው ጫፍ ተሰንጥቋል። ቤት ውስጥ ልሠራው አስቤ ነበር። ልጆች ግን አሉ። ፕላስቲኩ ሲሞቅ ጭሱ አይጎዳም?

ቧንቧ ሠሪው

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከሁሉም የሚቀድም ነው። ቤት ውስጥ አይሠራም። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት፣ ልጆቹ በሌሉበት። በከሰል ላይ ቢላ እያጋሉ መሥራትም ይቅር፤ ሙቀቱን መቆጣጠር አትችዪም፣ ፕላስቲኩም ይነድዳል። የሚቀልጥና የሚነድድ ይለያያሉ። መጨስ ከጀመረ ሙቀቱ በዝቷል፣ ወዲያው አንሺው።

ፒፒ ሲቀልጥ ሽታው ወደ ሻማ ይሄዳል። ኤቢኤስ ግን ጭሱ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ፒቪሲ ደግሞ ጨርሶ እሳት አይነካም፤ ሲቃጠል አሲድ ያለበት ጭስ ያወጣል። ፒቪሲ ግራጫው የፍሳሽ ቧንቧ ነው። «ቱቦ ነው፣ ይገጥማል» ብለው የመኪና አየር መስመር ላይ የሚቀጥሉት ሰዎች አይቻለሁ። ከ80 ዲግሪ በታች ይለሰልሳል። ከሞተር አጠገብ ቦታው አይደለም።

የአራዳ ልጅ

በፈላ ውሃ ማለስለስስ? እኔ የጎማ ቱቦ ጫፍ አልገባ ሲለኝ ሁልጊዜ በፈላ ውሃ ነው የማስገባው።

ቧንቧ ሠሪው

ለጎማ በጣም ጥሩ ነው። ለፒፒም ጫፉ ትንሽ እንዲላላ ያደርጋል፣ ለመክተት ያግዛል። የተጣመመ ሳጥን ግን አይመልስልህም። እዚህ ጎንደር ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ላይ ነው፣ ከፍታው ነው። ፒፒን ቅርጹን ለማስለወጥ አይበቃም። ዘይት ማፍላት የሚሉ አሉ፤ ያን ነገር ማንም ቤቱ እንዳይሞክረው። የፈላ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ካለበት ገላ ላይ ነው የሚፈነጥቀው።

የማራኪው

ምልክቱን አገኘሁት። ሳጥኑም ክዳኑም ፒፒ-ቲ20 ይላሉ። የድሮውም እንደዚሁ።

ቧንቧ ሠሪው

20 በመቶ ታልክ የተጨመረበት ፒፒ ነው ማለት ነው። ሙቀት ላይ ቅርጹን እንዲይዝ ነው የሚጨምሩት። በዚያው መጠን ይደርቃል፣ ጆሮው አካባቢ ብታጎብጠው ቶሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ በብሎን አትጎትተው።

የቁጥር ሰው

ማንም ያላነሳውን አንድ ነገር ላንሳ። የማፉ መቀመጫ።

ማፍ የሚለካው ሽቦው አጠገብ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነስቶ በጠቅላላው ስንት አየር እንደገባ ያሰላል። ስሌቱ የተሠራው ለኦሪጅናሉ ክዳን የቱቦ ስፋት ነው። ኮፒው ክዳን ላይ ያ ቱቦ ትንሽ ሰፋ ብሎ ከተሠራ ስሌቱ ይፋለሳል። ለምሳሌ የውስጥ ስፋቱ 60 ሚሊ መሆን ሲገባው 63 ቢሆን፣ የ3 ሚሊ ልዩነት ለዓይን አይታይም። አየር የሚያልፍበት ስፋት ግን 10 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ማፉ 10 በመቶ ገደማ አሳንሶ ይቆጥራል። ምንም ሳያፈስ ፒ0171ን የሚጠራ ነገር ነው።

የማራኪው፣ የድሮውም የአዲሱም ክዳን አለህ። ማፉ የሚገባበትን ቱቦ የውስጥ ስፋት በካሊፐር ለካቸው። ከድሮው ቱቦ ውስጥ ወንፊት የመሰለ ነገር ካለም አዲሱ ላይ መኖሩን እይ። አየሩን አስተካክሎ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ቱቦውን ከውስጥ በብርጭቆ ወረቀት አታጥራ። ማፉ የሚቀመጥበት ጎን ከታጠፈም አየሩን በአግድም ነው የሚያገኘው።

ስካነርህ ላይ ደግሞ ሎንግ ተርም ፊውል ትሪም የሚለውን ተመልከት፤ ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሚያርም የሚያሳይ ቁጥር ነው። በዜሮ አካባቢ ሲሆን ጤና ነው። ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 ድረስ አያስጨንቅም። ወደ 25 ከተጠጋ ነው መብራቱ የሚበራው። ሁሉንም አጥብቀህ ጨርሰህ ቁጥሩ በሁሉም ዙር እኩል ከፍ ብሎ ከቀረ ፍሳሽ መፈለግህን ተውና ክዳኑን ለካ።

የአራዳ ልጅ

የቁጥር ሰው፣ ይህን አላውቅም ነበር። እናመሰግናለን።

እኔ ወደ ፊልትሮው ልመለስ። የማራኪው፣ አዲሱን ፊልትሮ አውጣና የድሮውን አስገብተህ ክዳኑን ዝጋ። ከዘጋ ጥፋቱ የሳጥኑ አይደለም፣ የፊልትሮው ነው። የፊልትሮ ዙሪያ ጎማ ወፍሮ ወይ ቀጥኖ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ካልዘጋ የክዳኑን ጎድጓዳ መስመር እይ።

ሲዘጋም ዝም ብለህ አትመን። የክዳኑን ጠርዝ በጠመኔ ቀባው። ዝጋው፣ ክፈተው። የፊልትሮው ጎማ ላይ ጠመኔው ዙሪያውን ሳይቋረጥ ከታተመ ግጥም ብሏል። የተቋረጠበት ቦታ ካለ አቧራው የሚገባው በዚያ ነው።

ጋሼ መፍቻ

የጠመኔው ነገር ትክክል ነው። ጠመኔውን ጠርገህ ማውጣት እንዳትረሳ ብቻ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ሲሊኮን። ከፊልትሮ በኋላ ባለው ክፍል ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ተራ ሲሊኮን አታስጠጉ። ሲደርቅ የሚያወጣው ትነት ብረት ያዝጋል፣ የኦክስጅን ሴንሰሩንም ሊያበላሽ ይችላል። ፒፒንም አይዘው፣ ተላጦ ሞተሩ ይስበዋል። በሲሊኮን የታፈነ ክዳን ደግሞ ሰው መክፈት ይሰለቸዋል። ፊልትሮ ሳይቀየር ዓመት ያልፋል።

የሞረድከውም የቆረጥከውም ሁሉ ዱቄት ይተዋል። ሳጥኑን፣ ክዳኑንና ቱቦውን በኦሞ እጠባቸው፤ ማፉን ነቅለህ። በደንብ ካልደረቁ አትግጠም። ማፉን በጣትም በጨርቅም አትንካው። ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ ነው።

የማራኪው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውጤቱን ላካፍላችሁ።

ጋሼ እንዳሉት ከቱቦው ጀመርኩ። ሁሉንም ፈትቼ ቱቦውን ትሮትሉ ላይ እስከ ጥጉ ከተትኩት። ጫፉን በፈላ ውሃ ነክሬው ስለነበር ሳያስቸግር ገባ። ክዳኑንና ሳጥኑን ካያያዝኩ በኋላ ሳጥኑ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። አጠረ ያልኩት ቱቦ በቃ። ሦስቱም ጆሮዎች ግን በትንሽ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ሳቱ። ሦስቱንም በክብ ሞረድ አረዘምኳቸው። ሮንዴላና ጎሚኒ አድርጌ አሰርኳቸው። አንዱም ጆሮ አልተጎተተም።

ቱቦው ላይ ሌላም ነገር አገኘሁ። ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ክዳን የሚመጣው የሞተሩ ትንፋሽ ጎማ የሚገባበት አፍንጫ ከኦሪጅናሉ ቀጭን ነው። ጎማው ገብቶ ይሽከረከራል። ይህም ከማፉ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያልተቆጠረ አየር ያስገባ ነበር። በትንሽ ፋሼታ አጠበቅሁት።

ክዳኑ ላይ የድሮውን ፊልትሮ ሞከርኩ። የተሻለ ሆነ፣ ግን አሁንም በአንድ ጥግ መንጠቆው ይከብዳል። ክዳኑን ወደ ፀሐይ አዘንብዬ ጎድጓዳውን መስመር ሳየው ከፋብሪካ የተረፈ ስስ የፕላስቲክ ክንፍ ጥጉ ላይ ቆሟል። ሁለቱ የቅርጽ ማውጫዎች የተገናኙበት ቦታ ይመስለኛል። ምላጩን ጋደም አድርጌ በቀስታ ወደ ራሴ ሳብኩት። ክንፉ እየተጠቀለለ ወጣ። ጎድጓዳውን ራሱን አልነካሁትም። ከዚያ በኋላ ክዳኑ በሁለቱም በኩል በሁለት ጣት ይዘጋል።

አዲሱ ፊልትሮ ግን ጎማው ወፍራም ነው። ጠመኔው ከአንዱ ጎን ተቆራርጦ ታተመ። ተውኩት። ሌላ ፊልትሮ ፒያሳ አገኘሁ፣ በእሱ ጠመኔው ዙሪያውን ሞላ። በስልክ መብራትም ማታ አየሁት፣ ምንም አያሾልክም።

የማፉን ቱቦ የድሮውንም የአዲሱንም በካሊፐር ለካሁ። እኩል ናቸው። ወንፊቱም አለ። መብራቱን በስካነር አጠፋሁት፣ እስካሁን አልተመለሰም። ሎንግ ተርሙ 4 አካባቢ ነው የሚቆየው። ሚኒሞው ቀጥ ብሏል።

አየር የሚስበው አፍ ከፊት መብራቱ ጀርባ ካለው ማስገቢያ ጋር ትንሽ አይገናኝም ነበር። እሱን በሰጌቶ ቆርጬ አስተካከልኩት። ከፊልትሮ በፊት ስለሆነ አልፈራሁም።

ጋሼ መፍቻ

ጎበዝ። አሁን ሞተሩ ደጋግሞ ከሞቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ፋሼታዎቹን እንደገና እያቸው። አዲስ ፕላስቲክ ሲሞቅ ቦታውን ይይዛል፣ ፋሼታው ትንሽ ይላላል። ያኔ የሊማሊሞን ነጭ ጨርቅ ሞክር።

ሰላም ከፒያሳ

ጋሼ፣ የእኔ ቪትዝ ላይ የተሰነጠቀው የቱቦው ጫፍ ከማፉ በፊት ይሁን በኋላ በምን ልወቅ? መጠገን ይቻላል ወይስ መቀየር አለብኝ?

ጋሼ መፍቻ

ልጄ፣ ኮፈኑን ክፈቺና የፊልትሮው ክዳን ወይም ቱቦው ላይ የሽቦ ሶኬት ፈልጊ። አምስት ሽቦ ከገባበት ማፍ ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ከሆነ የአየር ሙቀት መለኪያ ነው፤ ያቺ መኪና አየሩን የምትለካው በማኒፎልድ ግፊት ነው ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ስንጥቁ መብራት አያበራም፣ አፈሩን ግን ያስገባል።

ስንጥቁ ከፊልትሮው በኋላ ከሆነና ቱቦው ጎማ ከሆነ ቀይሪው። ጎማ በብየዳ አይድንም፣ ናስትሮም በሙቀት ይለቃል። ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኖ ፒፒ የሚል ካገኘሽበት ቧንቧ ሠሪው እንዳለው ይበየዳል፤ ፋሼታው የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተሰነጠቀ ካልሆነ በቀር። እዚያ ላይ የብየዳው እብጠት ጎማውን ያነሳውና በጎን ያሾልካል። አሮጌ ኦሪጅናል ከተገኘ ከኮፒው እሱን አስቀድሚ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያውቅሽ ሰው ካለ ፎቶውን ላኪለት፤ ስትልኪ የድሮውን ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ለክተሽ ልኩን ጻፊበት።

ሰላም ከፒያሳ

አየሁት። አምስት ሽቦ ነው፣ ስንጥቁም ከእሱ በኋላ ነው፣ ቱቦው ጎማ ነው። ልኩን ወስጄ ዛሬውኑ እልካለሁ።